ሽጉጡ የት ይደር? የደንብሌን ግድያና የማዕከላዊ ማከማቻ ክርክር በብሪታንያ

ግለሰቦች በሕጋዊ ፈቃድ የያዙት የጦር መሣሪያ በየቤታቸው መቀመጡ ቀርቶ በአንድ በተጠበቀ የጋራ ስፍራ እንዲከማች ሕግ ያስገድድ ወይስ አያስገድድ የሚለው ጥያቄ በተለያዩ አገሮች በየጊዜው ይነሣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው አንድ አሠቃቂ ግድያ ሲፈጸም ነው፤ ሐዘኑ ሲበርድ ክርክሩም አብሮት ይበርዳል። በብሪታንያ ግን በ1996 እና በ1997 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጥያቄው በዳኛ ፊት በማስረጃ ተመረመረ፣ ፓርላማው ሕግ አወጣበት፣ ሕጉም በዘጠነኛው ወር በሌላ ሕግ ተተካ። ዛሬ የደንብሌንን ጉዳይ የሚያነሡ ሰዎች የሚያስታውሱት ግድያውንና በመጨረሻ የመጣውን ጠቅላላ ዕገዳ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል የተካሄደው የማከማቻ ክርክር ተዘንግቷል። በእኔ ግምት ግን ለሕግ አውጪውም ሆነ ለመሣሪያ ባለቤቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ይኸው የተዘነጋው ክፍል ነው።

ማርች 13 ቀን 1996 ጠዋት፣ በስኮትላንድ ከስተርሊንግ በስተሰሜን በምትገኘው በትንሿ የደንብሌን ከተማ፣ አንድ የ43 ዓመት ሰው ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ገብቶ ተኩስ ከፈተ። በሦስት ወይም በአራት ደቂቃ ውስጥ የአምስትና የስድስት ዓመት ዕድሜ የነበራቸውን 16 ሕፃናትና መምህርታቸውን ግዌን ሜየርን ገደለ፤ ሌሎች 15 ሰዎችን አቁስሎ በመጨረሻ ራሱን አጠፋ። የገዳዩን ስም መድገም ለጉዳዩ የሚጨምረው ነገር ስለሌለ አልጠቅሰውም። የያዛቸው ሁለት ባለ 9 ሚሊ ሜትር ብራውኒንግ ሽጉጦችና ሁለት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨሮች (ጥይት በተሽከርካሪ ክፍል የሚጎርሱ ሽጉጦች) ሲሆኑ፣ ከ700 በላይ ጥይት ይዞ ነበር። ከተተኮሱት 106 ጥይቶች መካከል ራሱን ካጠፋበት አንዱ በስተቀር ሁሉም የወጡት ከአንዱ ብራውኒንግ ነው።

አራቱም መሣሪያዎች ሕጋዊ ነበሩ። ሰውዬው ከ1977 ጀምሮ የጦር መሣሪያ ፈቃድ የነበረውና ፈቃዱ በየጊዜው የታደሰለት የዒላማ ተኩስ ክለብ አባል ነበር። በጊዜው ይሠራበት የነበረው የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ፣ ፈቃድ ጠያቂው በቂ ምክንያት እንዲኖረውና መሣሪያ ሊታመን የሚችል ሰው መሆኑን ፖሊስ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። በፈቃዱ ላይ የሚሰፍረው የአቀማመጥ ግዴታ ደግሞ፣ መሣሪያው ያልተፈቀደለት ሰው በተቻለ መጠን እንዳያገኘው ሆኖ በአስተማማኝ ሁኔታ እንዲቀመጥ ያዛል፤ ይህም በተግባር የሚቆለፍ የብረት ሣጥን ማለት ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የብረት ሣጥን ሌባን ይከለክላል፣ ልጅን ይከለክላል፣ የተጣላ የቤተሰብ አባልን ይከለክላል፤ ቁልፉን በኪሱ የያዘውን ሰው ግን አይከለክልም። የደንብሌኑ ገዳይ ቁልፉን የያዘው ሰው ነበር።

ይህን ሰው ማስቆም ይቻል እንደነበር የሚያሳይ አንድ ሰነድ አለ። በ1991 ሰውዬው ለወንዶች ልጆች ስላዘጋጀው የበጋ ዕረፍት ካምፕ ቅሬታ ቀርቦ ጉዳዩን የመረመረ አንድ የሴንትራል ስኮትላንድ ፖሊስ መርማሪ፣ የሰውዬው ጠባይ እንደሚያሳስበው፣ መሣሪያ ሊታመንም እንደማይገባው ገልጾ ፈቃዱ እንዲሰረዝ ለአለቆቹ በጽሑፍ አሳሰበ። ማስታወሻው ወደ ምክትል የፖሊስ አዛዡ ደረሰ፤ ምክትል አዛዡም እርምጃ መውሰድ አያስፈልግም ሲሉ ወሰኑ። በሰውዬው ላይ የተረጋገጠ የወንጀል ፍርድ ስላልነበረ ፈቃዱ ከዚያ በኋላም በ1992 እና በ1995 ታደሰ። ከግድያው በኋላ የምርመራው ሪፖርት ይህን ውሳኔ በጽኑ ሲነቅፍ ምክትል አዛዡ ሥራቸውን ለቀቁ። ስለ ማከማቻ የሚደረግ ማንኛውም ውይይት ከዚህ ማስታወሻ ቢጀምር ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሽጉጡ የት እንደሚያድር ከመጠየቅ በፊት በማን እጅ እንዳለ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፣ ጽፈውም ነበር።

ደንብሌን የመጀመሪያው አልነበረም። በ1987 በደቡብ እንግሊዝ በሀንገርፎርድ ከተማ እንደዚሁ ሕጋዊ ፈቃድ የነበረው ሰው 16 ሰዎችን ገድሎ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት የወጣው ማሻሻያ ከፊል አውቶማቲክ የሆኑ ከባድ ጠመንጃዎችን ሲያግድ ሽጉጥን ግን ሳይነካ አለፈ፣ ምንም እንኳ የሀንገርፎርዱ ገዳይ ሽጉጥም የተጠቀመ ቢሆን። ስለዚህ በ1996 ሕዝቡ የጠየቀው አንድ ጊዜ ታልፎ የነበረውን ጥያቄ ነው።

መንግሥት ምርመራውን በሰሜን ባሕር በፓይፐር አልፋ የነዳጅ ማውጫ ላይ በ1988 የደረሰውን የ167 ሰዎች ሕልፈት አጣርተው ለነበሩት ለስኮትላንዳዊው ዳኛ ለሎርድ ከለን ሰጠ። ችሎቱ በስተርሊንግ አልበርት አዳራሽ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ ተካሄደ፤ ሪፖርቱም ኦክቶበር 16 ቀን 1996 ይፋ ሆነ። ሎርድ ከለን የፈቃድ አሰጣጡን ለማጥበቅ በርካታ ሐሳቦችን አቅርበዋል፤ ነገር ግን የፈቃድ ሥርዓት ብቻውን በቂ ሊሆን እንደማይችል በግልጽ አስቀምጠዋል። ዛሬ ጤነኛና ጨዋ የሆነ ሰው ነገ ምን እንደሚሆን የትኛውም ማጣሪያ አስቀድሞ አይነግርም። እንግዲህ በሰውየው ላይ የሚደረገው ማጣሪያ ካልበቃ በመሣሪያው ላይ ምን ይደረግ?

በፊታቸው የቀረቡት አማራጮች ጥቂት ነበሩ። ሽጉጦቹ ሙሉ በሙሉ በተኩስ ክለቦች ይከማቹ፤ ወይም ሽጉጡ በባለቤቱ ቤት ይቆይና ያለ እርሱ መተኮስ የማይቻልበት አንድ ክፍል ተነጥሎ በክለቡ ይቀመጥ፤ ወይም አፈሙዙ በክለቡ ኃላፊ በሚከፈት ቁልፍ ይታሰር፤ ወይም ደግሞ ግለሰቦች ሽጉጥ መያዛቸው ጨርሶ ይከልከል። ሎርድ ከለን ያዘነበሉት ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ነው። ይህ ካልተቻለ ወደ ክልከላው መሄድ ይታሰብበት አሉ።

የዳኛውን ሐሳብ ለመረዳት ሽጉጡን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። የብራውኒንግ ሽጉጥ የላይኛው ክፍል ወደ ኋላ ተስቦ በመጠበቂያው ከተያዘ በኋላ በጎኑ ያለችው ትንሽ ማቆሚያ ተገፍታ ስትወጣ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ይለቃል፤ መፍቻ አያስፈልገውም፣ ለለመደ እጅ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። በእጅ የሚቀረው መያዣውና ቃታው ሲሆን ያ ብቻውን አይተኩስም። ሪቮልቨር ከሆነ ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል ይወጣል። የባለቤቱ ንብረት በቤቱ ይቆያል፣ ክለቡ የሚያስቀምጠው ደግሞ ቢሰረቅ ብቻውን ለሌባው የማይጠቅም ብረት ነው። ለመግደል ሁለቱ በአንድ እጅ መገናኘት አለባቸው፣ የሚገናኙትም በተኩስ ሜዳው፣ በሌሎች አባላት ፊት ነው። ሐሳቡ ቀላልም ረቂቅም ነበር፤ የማዕከላዊ ማከማቻ ተቃዋሚዎች በየትኛውም አገር የሚያነሡትን ዋና ክርክር፣ ማለትም ብዙ መሣሪያ በአንድ ቤት ማከማቸት ዘራፊን መጋበዝ ነው የሚለውን፣ በቀጥታ የሚመልስ ነበርና።

ተኳሾቹ ግን አልተቀበሉትም። ብዙ ክለቦች የራሳቸው ሕንፃ የላቸውም፤ የመንደር አዳራሽ ወይም የወታደር ተኩስ ሜዳ ተከራይተው በሳምንት አንድ ምሽት ይገናኛሉ። ብረት በርና ማስጠንቀቂያ ደወል የሚተከልበት ክፍል ከየት ይመጣል? ለውድድር ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ አባል ክፍሉን ከማን ተረክቦ ለማን ይመልስ? የተነጠለው ክፍል ምትክ በሌላ መንገድ ቢገዛስ? ከእነዚህ መካከል የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ነበር፤ መንግሥትም በኋላ ሐሳቡን ሲጥለው የተደገፈው በዚሁ ነው፣ ምትክ ክፍል ማግኘትና ሽጉጡን መልሶ መግጠም አያስቸግርም በሚል። ሌሎቹ ግን በገንዘብና በአደረጃጀት የሚፈቱ ነበሩ ብዬ አስባለሁ። የተኳሾቹ ማኅበራት ያን ጊዜ ይህን የዳኛውን ሐሳብ በሁለት እጃቸው ይዘው ቢከራከሩለት ኖሮ ከደረሰባቸው የተሻለ ሊያገኙ ይችሉ ነበር የሚል እምነት አለኝ። የመካከለኛው መንገድ ዋና ጠበቆች መሆን የነበረባቸው እነርሱ ነበሩ፤ በሩን በዘጉ ጊዜ የቀረው ምርጫ ክልከላ ሆነ።

በጆን ሜጀር መንግሥት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ማይክል ሃዋርድ፣ ሪፖርቱ ይፋ በሆነበት ዕለት ከዳኛው ሐሳብ ርቀው ሄዱ። ከ22 ካሊበር (ካሊበር የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) በላይ የሆነ ሽጉጥ ሁሉ ይታገዳል፤ ይህም በሕጋዊ መንገድ ከተያዙት ሽጉጦች ውስጥ ቢያንስ 160,000፣ ማለትም 80 በመቶ ያህሉ፣ እንደሚወገዱ ያመለክት ነበር። ባለ 22 ካሊበር ሽጉጥ፣ የኦሊምፒክ ዒላማ ተኩስ የሚካሄድበት ስለሆነ፣ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን በቤት ማስቀመጥ አይቻልም። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1997 የጸደቀው ሕግ ሁለተኛ ክፍል ይህን በዝርዝር ደነገገ። ሽጉጡ የሚቀመጠው ልዩ ፈቃድ ባገኘ የሽጉጥ ክለብ ግቢ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ለማውጣት፣ ለውድድርም ቢሆን ለጥገና፣ የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ በጽሑፍ መፍቀድ አለበት፤ ክለቡም አባላቱንና መሣሪያዎቹን የሚመዘግብ ተጠያቂ ኃላፊ ይኖረዋል። በግል ባለቤትነት የተያዘ መሣሪያን በግዴታ በጋራ ስፍራ የማከማቸት ሐሳብ በዚህ ሕግ ከክርክር ወደ ድንጋጌ ተሻገረ።

ይህ በአንድ ትንሽ ክለብ ምን ማለት እንደነበር እናስብ። ሃያና ሠላሳ አባላት ያሉት ክለብ በባንክ ደረጃ የሚጠበቅ ክፍል መሥራት፣ ቁልፍ የሚይዙ ሰዎችን መምረጥ፣ ሽጉጥ የወጣበትንና የገባበትን ሰዓት መመዝገብ ነበረበት። ወጪውን የሚሸፍነው አባሉ ነው። ብዙ ክለቦች አቅሙ ስለማይኖራቸው እንደሚዘጉ ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር፤ እንዲያውም አንዳንድ ተከራካሪዎች የሕጉ ዓላማ ይኸው ነው ይሉ ነበር። በተቃራኒው ደግሞ ልጆቻቸውን ያጡት ቤተሰቦች ይጠይቁ የነበረው ሌላ ነገር ነው። ገዳዩ የክለብ አባል ነበር፣ ከአባላቱ መካከል እርሱን የማይወዱትና የሚጠራጠሩት ነበሩ፣ ፖሊስም ያውቀው ነበር፤ ታዲያ ነገ ቁልፉን የሚይዘው ክለብ፣ የማውጫ ፈቃዱን የሚፈርመው ፖሊስ፣ ትናንት ያላቆመውን ሰው ነገ ያቆማል ብለን የምናምነው በምን ማስረጃ ነው? ለዚህ ጥያቄ በፓርላማው ክርክር አጥጋቢ መልስ የተሰጠ አይመስለኝም።

ጥያቄውን ወደ አደባባይ ያወጡት እናቶች ነበሩ። በማርች ወር በደንብሌን በምታብበው ትንሽ ነጭ አበባ ስም ስኖውድሮፕ ተብሎ የተጠራው ዘመቻ ከ700,000 በላይ ፊርማ አሰባሰበ። በኦገስት 1996 የፓርላማው የአገር ውስጥ ጉዳይ ኮሚቴ በአብላጫ ድምፅ የሽጉጥ ዕገዳን እንደማይደግፍ ሲገልጽ ቁጣው ባሰ። ዘመቻው 22 ካሊበርን ነጥሎ ማስቀረቱንም አልተቀበለም፤ ትንሽ ጥይት ማለት የማይገድል ጥይት ማለት አይደለም፣ ሮበርት ኬኔዲ በ1968 የተገደሉት በባለ 22 ካሊበር ሪቮልቨር ነው። በሜይ 1997 ሥልጣን የያዘው የቶኒ ብሌየር የሌበር መንግሥት ጉዳዩን ለፓርላማው ነጻ ድምፅ፣ ማለትም አባላቱ ያለ ፓርቲ ትእዛዝ እንደ ኅሊናቸው ለሚሰጡት ድምፅ፣ አቀረበ፤ ኖቬምበር 27 ቀን 1997 የጸደቀው ሁለተኛው ሕግ ባለ 22 ካሊበሩንም አገደ። የክለብ ማከማቻው ሥርዓት በተግባር ሳይፈተን በወረቀት ላይ ቀረ። ሰሜን አየርላንድ የራሷ ሕግ ስላላት ዕገዳው አልነካትም።

በሁለቱ ሕጎች መሠረት 162,000 ያህል ሽጉጦች ለፖሊስ ተመለሱ፤ ለባለቤቶቹ የተከፈለው ካሳ 90 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። በ2012 ለንደን ኦሊምፒክን ስታስተናግድ የሽጉጥ ውድድሮቹ የተካሄዱት በልዩ ፈቃድ ነበር፤ የብሪታንያ ሽጉጥ ተኳሾች ለዓመታት ልምምድ የሚያደርጉት ባሕር ተሻግረው ነው። ይህን ጉዳት አቃልሎ ማየት ተገቢ አይደለም፤ አብዛኞቹ ለማንም ሥጋት ያልነበሩ ሰዎች ናቸውና። ከዕገዳው በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት በሽጉጥ የተፈጸሙ ተብለው የተመዘገቡ ወንጀሎች ጨምረው ከ2000ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ቀንሰዋል፤ ተቃዋሚዎች የመጀመሪያውን፣ ደጋፊዎች ሁለተኛውን ይጠቅሳሉ። እኔ ከሁለቱም ብዙ የሚወሰድ አይመስለኝም፣ የወሮበሎች ሽጉጥ ድሮም ከፈቃድ መዝገብ ውጭ የነበረ ነው። ለደንብሌን ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ሌላው እውነታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በብሪታንያ ትምህርት ቤት እንደዚያ ያለ የተኩስ ጭፍጨፋ አልደረሰም።

ተመሳሳይ ጥያቄ ሌላ አገር ሲነሣ መልሱ የተለየው አደጋው የተለየ ስለነበረ ነው። በጀርመን በቪነንደን ከተማ በማርች 2009 የ17 ዓመት ወጣት 15 ሰዎችን የገደለው የስፖርት ተኳሽ አባቱ በመኝታ ክፍል ሳይቆልፍ በተወው ሽጉጥ ነው፤ ሌሎቹ የአባትየው መሣሪያዎች ተቆልፎባቸው ነበር። እዚያም መሣሪያ ሁሉ በክለብ ይከማች የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ለዝርፊያ ያጋልጣል በሚል ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ፤ በምትኩ ባለሥልጣናት ሳያስታውቁ የመሣሪያ ባለቤቶችን ቤት እንዲፈትሹ ሕጉ ፈቀደላቸው። ቁልፉ ስላልተቆለፈ ለሞቱ ሰዎች የቤት ፍተሻ ተገቢ መልስ ነው፤ ቁልፉን የያዘው ራሱ ለገደላቸው ግን አይደለም። በስዊዘርላንድ ደግሞ ወታደሮች በቤታቸው የሚያስቀምጡት የጦር መሣሪያ ወደ ጦሩ ግምጃ ቤት እንዲገባ የሚጠይቀው ሐሳብ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2011 ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ 56.3 በመቶ የሚሆነው መራጭ አልተቀበለውም። መንግሥት ለዜጋው መሣሪያ በአደራ መስጠቱ የዜግነት ምልክት ሆኖ በሚታይበት አገር ያ ውጤት የሚያስደንቅ አይደለም።

ብሪታንያ ሽጉጥን ብታግድም የአደን ጠመንጃ አሁንም በሕጋዊ ባለቤቶች ቤት በብረት ሣጥን ይቀመጣል፤ በእንግሊዝና ዌልስ ብቻ ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። በጁን 2010 በከምብሪያ 12 ሰዎች ሲገደሉ የማከማቻው ጥያቄ እንደገና ተነሥቶ ነበር፤ የገበሬውና የአዳኙ መሣሪያ በየዕለቱ የሚያስፈልግ ስለሆነ ከከተማ ማከማቻ እየሄዱ ማምጣት አይሠራም የሚለው መልስ አሸነፈ። መልሱ ለገበሬው እውነት ነው። ለሁሉም ባለ ፈቃድ እውነት ነው ብሎ መደምደም ግን ትክክል አይመስለኝም፤ በከተማ አፓርታማ የሚኖርና በወር አንድ ጊዜ የሚተኩስ ሰው ጠመንጃው በክለብ ቢያድር የሚጎድልበት ጥቂት ነው፣ ሕጉም ሁለቱን ለይቶ ማየት ይችላል።

ይህን ስል ማከማቻ በራሱ ያድናል ማለቴ አይደለም፤ በኦገስት 2021 በፕሊመዝ ከተማ ኪሃም ሰፈር የደረሰው ያንን ያሳያል። አንድ ወጣት በሕጋዊ የአደን ጠመንጃ አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃንን ጨምሮ አምስት ሰዎችን ገደለ። ጠመንጃው በዚያ ሰው ቤት ሳይቋረጥ የኖረ አልነበረም። ሰውዬው ሰዎችን በመደብደቡ ምክንያት ፖሊስ ጠመንጃውንና ፈቃዱን በዲሴምበር 2020 ወስዶበት ነበር፤ መሣሪያው ለሰባት ወራት ያህል መንግሥት ሊኖረው በሚችለው እጅግ በተጠበቀ ስፍራ፣ በፖሊስ እጅ፣ ቆየ። በጁላይ 2021 ተመለሰለት። በ2023 የአሟሟታቸውን ምክንያት የመረመረው ችሎት ሸንጎ ለሟቾቹ ሕይወት ማለፍ አስተዋጽኦ ካደረጉት ምክንያቶች መካከል በዴቨንና ኮርንዎል ፖሊስ የመሣሪያ ፈቃድ ክፍል የነበረውን ከባድ የአሠራር ውድቀት አስቀመጠ። ከግድያው በኋላ በኖቬምበር 2021 ሥራ ላይ የዋለው መመሪያ፣ ፖሊስ የአመልካቹን የጤና ሁኔታ የሚገልጽ የሐኪም ማረጋገጫ ሳያገኝ ፈቃድ እንዳይሰጥ ያዛል። ከፖሊስ መጋዘን የወጣ መሣሪያ በማን ፊርማ፣ ምን ተመርምሮ፣ ለማን እንደተመለሰ በእያንዳንዱ ጉዳይ ለሌላ ገለልተኛ አካል እንዲቀርብ የሚያስገድድ ድንጋጌ ግን በመመሪያው መካከል መኖር ነበረበት እላለሁ፤ በ1991 የተጻፈው የመርማሪው ማስታወሻም የተቀበረው የመጨረሻውን ውሳኔ አንድ ሰው ብቻውን ስለሰጠበት ነውና።